መትረየስ የለመደ እጅ

ከመኮንንነት ሥልጠና ለእረፍት የመጣ ጎረቤት ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ የጭሮ ከተማ ሰዎች ጀማል አለን። ዓይኑን ታስሮ መትረየስ መፍታትና መግጠም ከተማረ ወዲህ፣ ያልተፈታ ነገር ካየ ዕረፍት የለውም። የእናቱን ቡታጋዝ ፈትቶ ገጠመ። የእኔንም ሬዲዮ ፈትቶ ገጠመ፤ ሬዲዮው እስካሁን ዝም እንዳለ ነው።

ባለፈው አርብ ከጁምዓ በኋላ የልብስ ሰፊው አባቱ፣ የጋሽ ከድር፣ የስፌት መኪና ተራ ደረሰ። ሰፈሩ ተሰበሰበ። ጀማል ዓይኑን አሳስሮ መኪናዋን በታተናት፤ ገጥሞ ሲጨርስ ግን አንዲት ሞላ ተረፈች።

«መትረየስ እንዲህ ያለ ሞላ የለውም!» አለ፣ ጥፋቱ የመኪናዋ ይመስል።

ጋሽ ከድር «ቢስሚላህ» ብለው ተቀመጡ። ፊታቸውን ወደ መንገዱ እንዳደረጉ ፈቷት፣ ሞላዋን ቦታዋ መለሱ፣ ገጠሟት።

«አባ፣ እርስዎም ታስረው ይሞክሩና እንይ!» አለ ጀማል ጨርቁን እየዘረጋ።

«ማሰሪያው ለእኔ ምን ያደርግልኛል ልጄ? ዓይኔ ከደከመ እኮ ቆየ።»

ለካ «እስቲ ክር አስገባልኝ» የሚሉኝ ለዚህ ኖሯል፤ እኔ ስንፍና ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ ሳልፍ ጀማል ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ክር ያስገባል፤ ሁለቱንም ዓይኖቹን ገልጦ።