የአማቴ በርበሬና የኔ ራዳር

ስልክ ይዞ ሰማይ የሚያይ ሰው ኋላ ቀር ነው! እስካለፈው ማክሰኞ ድረስ እንዲህ ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ። አትሳቁ! እናንተም ብትሆኑ ዛሬ ጠዋት መስኮት ከመክፈታችሁ በፊት የከፈታችሁት ስልካችሁን ነው።

እኔማ ከዚያም አልፌ ራዳር አንባቢ ሆኛለሁ። ስልኬ ላይ የዝናብ ራዳር አለ፤ ዝናብ ሲኖር ካርታው አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲብስ ቢጫ፣ ሲከፋ ቀይ። እዚህ ኢየሩሳሌም፣ ታልፒዮት ሰፈር በምሠራበት መጋዘን "ዛሬ ይዘንባል?" የሚል ሁሉ እኔ ዘንድ ነው የሚመጣው። ደመና ያለኔ ፈቃድ የማያልፍ መስሎኝ ነበር... ሰው ሲጠግብ እንዲህ ነው!

ማክሰኞ የዕረፍት ቀኔ ነው። የልጄ ሠርግ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የሠርጉን በርበሬ የሚያዘጋጁት አማቴ እማማ ትርንጎ ናቸው፤ ከማሃኔ ይሁዳ ገበያ ዛላውን አንድ በአንድ መርጠው አምጥተዋል። ለእሳቸው የሱቅ በርበሬ ለሠርግ ከሚቀርብ ሠርጉ ራሱ ቢቀር ይሻላል።

በርበሬውን ላሰጣላቸው በኢትዮጵያ መንገድ በኩል ወደ ቤታቸው ስሄድ፣ ከደብረ ገነት ገዳም በር አንዲት መነኩሲት ዣንጥላ ይዘው ወጡ።

"እማሆይ፣ በዚህ ፀሐይ ዣንጥላ?"

"ምዕራቡ ጠቁሯል እኮ ልጄ።"

"ራዳሩ ባዶ ነው!" ስልኬን አሳየኋቸው።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አሉና ዣንጥላቸውን ጠበቅ አድርገው ሄዱ።

እማማ ትርንጎም ደጃፍ ላይ ቆመው ጉልበታቸውን እያሹ ጠበቁኝ።

"ዛሬስ ይቅርብን፤ ጉልበቴን እየጠዘጠዘኝ ነው።"

"እማማ፣ ጉልበትዎ ሳተላይት አለው እንዴ?"

"የለውም። ግን ዋሽቶኝ አያውቅም።"

"ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ!" አልኩ... ወይ ይሄ አፌ! በርበሬውን በሙሉ ጣሪያው ላይ አሰጣሁትና ወርጄ ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ።

የቀሰቀሰኝ ነጎድጓድ ነው። እኔ፣ እማማ ትርንጎና ሙሽራዋ ልጄ እየተጋፋን ጣሪያው ላይ ስንወጣ ሰማዩ ተቀዷል፣ በርበሬው ወደ አሸንዳው ይዋኛል! በዚያ መሀል ስልኬን አየሁት። ካርታው ንጹሕ፤ ከላይም "ፀሐያማ" ይላል። እመኑኝ፣ ለአፍታ የተጠራጠርኩት ዝናቡን ነው።

"አባ፣ ዳይ! በቃህ!" ልጄ ስልኩን ቀማችኝ። አየችው፣ አየችኝ። "አባ... ይሄ እኮ ጎንደር ነው!"

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። እሑድ ዕለት እማማ ትርንጎ "ጎንደር ያለችው እህቴ ጤፏን ልታጭድ ነው፤ ዝናብ እንዳይመታባት እስቲ እይልኝ" ብለውኝ ቦታውን ወደ ጎንደር ቀይሬው ነበር። መመለሱን ረሳሁት። የከተማው ስም ደግሞ በጉንዳን ፊደል የተጻፈ ነው፤ መነጽር ያስረጀኛል ብዬ አላደርግም!

የቻልነውን ያህል ወደ ጆንያ ለቀምን። እማማ ትርንጎ የራሰውን ዛላ አንድ በአንድ እያነሱ በቀሚሳቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር። አልተቆጡም፤ ቢሰድቡኝ በተሻለኝ ነበር። ስንት ቀን የለፉበት ነው፤ አፈርኩ።

"እማማ፣ አጠፋሁ።"

የያዙትን ዛላ ጠርገው ቀና አሉ።

"እና ጎንደር ዛሬ ፀሐይ ነው?"

"ጥርት ያለ ፀሐይ ነው እማማ።"

"ደመናም የለ?"

"ጭራሽ!"

"ተመስገን፤ የእህቴ ጤፍ ተረፈ።" ፊታቸው ፈካ አለ፣ የኔም አብሮ ፈካ። ይቅር ተባልኩ ብዬ ትንፋሼን ሳልጨርስ ጆንያውን ወደ እግሬ ገፋ አደረጉት። "በል ልጄ፣ ኃላፊነቱን ወስደህ የለ? ይሄን በርበሬ ተሸከምና እዚያው ጎንደር ወስደህ አስጣልኝ። ለሠርጉ ግን ድረስ!"