የየሱፍ ድንጋይ እና የሸህ ሙሄ ዱዓ

የዓለም ሊቃውንት የሚጣሉበትን ነገር ጓዳው ውስጥ ካልሞከረ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል፤ የሐይቅ ከተማው ሬዲዮ ጠጋኝ የሱፍ ነው።

ማቀዝቀዣ ሳያሻው ኤሌክትሪክ ሳያባክን የሚያሳልፍ፣ ማግኔት ላይም የሚንሳፈፍ ድንጋይ ተሠራ ሲባል ሰማ። ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ፣ ከሽቦ መዳብ አውጥቶ ዳቦ ቤት ምድጃ ውስጥ ጠበሳቸው። ጦርነቱ መብራታችንን ከወሰደው ሰንብቷልና፣ ድንጋዩ መብራት ያመጣ እንደሆን ለማየት ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። የሰፈራችን ሸህ ሙሄ ዱዓ አደረጉ፤ "አሚን!" አልን። ማግኔት ላይ ያስቀመጠው ድንጋይ በአንድ ጎኑ ብድግ ከማለቱ መብራት መጣ! እልልታው ቀለጠ።

በማግስቱ መብራት ሲጠፋ ደገምነው። እንኳን መብራት ሊመጣ ድንጋዩም ንቅንቅ አላለ። ስንስቅበት የሱፍ ኮስተር አለ፦

"ወላሂ፣ ሙከራው በትክክል አልተደገመም! ሸህ ሙሄ ወደ አርዲቦ ለሰርግ ሄደዋል።"

ሳቃችንን ዋጥ አድርገን፣ ሸሁን ለማምጣት ባጃጅ ተኮናተርን።