ከደረጃ ሥር የነበሩ ወንበሮች ዜና መዋዕል

የአዳራሹ ጣሪያ በነፋስ በተገለበጠ በሦስተኛው፥ የመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠራ ውኃ ባፈሰሰ በሁለተኛው፥ ገናናው አባ ሽቦም የትምህርት ቤቱን መሰላል፥ ካቻቢቴና የቁልፍ ዘለላ ተረክቦ የጥገና ኃላፊ ተብሎ በተሾመ በዘጠነኛው ዓመት፥ ዝናቡ አባርቶ የግድግዳው ርጥበት ገና ሳይደርቅ፥ ይህ ሊጻፍ የሚገባው ገድል ተፈጸመ። ጸሐፊውም ያየውን እንጂ የሰማውን አልጻፈም፤ ከጀግናው ጋር በአንድ ኮፍያ ሥር ስለሚኖርና በአንድ አፍ ስለሚበላ፥ ከእሱ የቀረበ ምስክር አልተገኘም፤ ሌላ ጸሐፊም ቢፈለግ በነጻ የሚጽፍ ጠፋ።

አባ ሽቦ፥ ሥዩመ መሰላል፥ ሊቀ ቧንቧ፥ ዐቃቤ ፊውዝ፥ የተላቀቀውን ሁሉ ለጊዜው እያለ በሽቦ የሚጠመጥም፥ ለጊዜው ያለውንም ለዘለዓለም የሚተው፥ ግዛቱ ከበር እስከ ጓሮ ሰፊ ሲሆን ቤተ መንግሥቱ ግን ከዋናው ደረጃ ሥር ያለች ሥርቻ ነበረች። እዚያም ጎንበስ ብሎ ይገባል፥ ጎንበስ ብሎ ይሠራል፥ ረስቶ ቀና ሲል ደረጃው አናቱን ያስታውሰዋል፤ ደወል በተደወለ ቁጥርም የተማሪው ሠራዊት ሁሉ በላዩ ላይ ይጋልባል። ስለዚህ በዚህ ዓለም ላይ አንድ ነገር ብቻ ይመኝ ነበር፤ ቀና ብሎ የሚሠራበት፥ መስኮት ያለው አንድ ክፍል። ይህንንም ሲመኝ አንዳንድ ቀን ዐይኑ እንባ ያቀርር ነበር፤ ለሰው ግን አቧራ ነው ይላል።

ወእምዝ ርዕሰ መምህርቷ፥ እመቤተ ማኅተም፥ ሲያስነጥሱ እንኳ ኮሪደሩ ጸጥ የሚልላቸው፥ እንዲህ ብለው አወጁ። «የዙሪያችን ትምህርት ቤቶች የጥገና ኃላፊዎች እኛ ዘንድ ተሰብስበው የጥገና ዘዴ ይለዋወጣሉ። ካኮራኸኝ፥ በሩ አጠገብ ያለው አሮጌ መጋዘን ከነመስኮቱ ወርክሾፕህ ይሁን። ካዋረድኸኝ ግን የፎቶ ኮፒ ማሽኑን አስገባበታለሁ፤ አንተም እዚያው ደረጃህ ሥር ትከርማለህ። የምታስረዳውም ወንበር ሳይሰበር እንዴት እንደሚኖር ነው።»

ይህ ርእስ ከየት መጣ ቢሉ፥ ጀግናችን በዓመቱ መጀመሪያ ስብሰባ ላይ፥ ማንም ሳይጠይቀው፥ በዚህ ትምህርት ቤት አንድም የተሰበረ ወንበር የለም ብሎ አፉን ሞልቶ ተናግሮ ነበርና ነው። እውነቱ ግን የአዳራሹ ወንበር ሁሉ አንድ በአንድ እየተሰበረ ደረጃው ሥር ተከምሮ ነበር፤ እሱም ነገ እያለ፥ ነገም ሲመጣ ነገ እያለ፥ ክምሩ እያደገ ጀግናውን ወደ በሩ እየገፋው፥ በመጨረሻ አንድ እግሩን ውጭ አሳርፎ የሚሠራ ሆነ።

አዋጁንም በሰማ ጊዜ ጨንቆት ጋሪ ተከራይቶ ዘመቻ ወጣ። አስቀድሞ ወደ ኮረብታው ትምህርት ቤት ወደ እቴጌ ብየዳ፥ እሳት በእጇ የሚታዘዝላት ሴት፥ ቀጥሎም ወደ ወንዙ ዳር ትምህርት ቤት ወደ አባ ቀለም፥ ስንጥቅን ሁሉ በቀለም የሚሰውር፥ ከዚያም ወደ ቀሩት ሁሉ ሄደ፤ ለእያንዳንዳቸውም የእህቱ ልጅ ልትዳር ስለሆነ ወንበር ያውሱት ዘንድ ለመነ። እህት እንኳ የለውም፤ እናቱ የወለደችው እሱን ብቻ ነው፥ እሱም በዝቶባት ነበር ይባላል። ደጋጎቹ ግን ወንበራቸውን ሰጡት፥ ለሙሽራዋም ሰላምታ ላኩ፤ እሱም ከየቤቱ ጥቂት ጥቂት ስለወሰደ ማንም አያውቀውም ብሎ ደረቱን ነፋ።

ነገር ግን ኅሊናው ፈጽሞ አልሞተም ነበርና፥ ርዕሰ መምህርቷ በውሰት ወንበር ይቀመጡ ዘንድ አልወደደም። ስለዚህ ከክምሩ አንዱን መዝዞ፥ የተነቀለ እግሩን በሽቦ፥ ሽቦውንም በሌላ ሽቦ ጠምጥሞ፥ መልኩ እንዳይታይ የሚስቱን ቀይ መጋረጃ አልብሶ፥ በመድረኩ ላይ የክብር ወንበር አድርጎ አቆመው። ሚስቱም መጋረጃውን ስትሰጠው አወጀች። «ይህ የእናቴ ስጦታ ነው። አንድ ክር ከተመዘዘበት፥ ሰውዬ፥ እሱኑ ለብሰህ ወንበርህ ላይ ታድራለህ እንጂ አልጋዬ ላይ አትወጣም።»

በተቀጠረውም ቀን የጥገና አለቆች ከነተከታዮቻቸው መጡ፤ መፍቻ በቀበቶው የሰካ፥ ሜትር በኪሱ ያበጠ፥ እርሳስ በጆሮው የሻጠ፥ በሩን ሲገቡ ማጠፊያውን ከፍተው ዘግተው የሚሰሙ፥ ሻይ ሲቀርብላቸው ከብርጭቆው ይልቅ የጠረጴዛውን እግር የሚያዩ፥ መጋዘን ጠባቂዎች፥ አናጢዎች፥ ቧንቧ ሠራተኞች፥ በፊታቸውም እቴጌ ብየዳ ባለ ሰፊ ካፖርት። ርዕሰ መምህርቷ ከበሩ ቆመው እየተቀበሉ፥ አዳራሹም በወንበር ሞልቶ፥ አባ ሽቦ ከደስታው ብዛት መጋዘኑ ውስጥ መደርደሪያውን የት እንደሚሰቅል ያስብ ጀመር።

አንድ ነገር ግን ረስቶ ነበር፤ እንዴት እንደረሳው ሲያስበው እስከ ዛሬ ራሱን በጥፊ ሊመታ ይቃጣዋል። ጥገና ላይ የኖረ ሰው ወንበር ሳይገለብጥ አይቀመጥም። እግሩን ይነቀንቃል፥ ይገለብጣል፥ ከሥሩ ብሎኑን ያያል፥ ከዚያ በኋላ ነው የሚቀመጠው። ይህን ልማድ ጀግናው ከሁሉ በላይ ያውቀው ነበር፤ በሰው ሠርግ ላይ ወንበር ገልብጦ ሲመረምር ሚስቱ እንደማታውቀው ሆና ራቅ ብላ የምትቀመጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

እነሆም ተቀመጡ ሲባሉ ሁሉም በአንድነት ገለበጡ፤ በአዳራሹም ውስጥ የወንበር እግር ሁሉ ወደ ጣሪያ ቆመ። ከዚያም ሹክሹክታ ከፊተኛው ረድፍ ተነሥቶ እስከ ኋለኛው ደረሰ፤ አባ ሽቦንም ላብ አጠመቀው።

እቴጌ ብየዳ ወንበሩን እንደያዘች አወጀች። «ስሙኝ ጎበዝ። ይህ ብየዳ የእኔ እጅ ነው፤ ለሠርግ የሄደ ወንበሬ ነው። ሠርጉ እዚህ ከሆነ ሙሽራዋ የት አለች?»

አባ ቀለምም ተቀብሎ አወጀ። «ከሥሩ የማደርገው የኔ ሰማያዊ ነጥብም ይኸውና። ለዚችው ሙሽራ ነው የሰጠሁት። ቆይ፥ ይህች ልጅ ስንት ቦታ ነው የምትዳረው?»

ሳቁም አዳራሹን ሞላው፤ ጀግናችንም መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር፤ ወለሉን ግን የለሰነው እሱ ራሱ ሲሆን፥ ከሥራዎቹ ሁሉ ያልተሰነጠቀው ወለሉ ብቻ ነው። ርዕሰ መምህርቷም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ ዝቅ ሲያደርጉት ይብሳልና፥ የራሳችን ወንበሮች ይቅረቡ ብለው አዘዙ። እሱም ፊቱ አመድ መስሎ፥ እንግዶቹን ሁሉ አስከትሎ፥ ወደ ደረጃው ወርዶ የሥርቻዋን መቀርቀሪያ ሳበ። ክምሩም ይህን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል በላዩ ላይ ተናደ።

ከወንበሮቹም ሥር ሆኖ፥ አንድ እጁና ኮፍያው ብቻ እየታየ፥ በሕይወቱ ካወጃቸው ሁሉ እውነተኛውን አዋጅ አወጀ። «ሠርግም የለ፥ እህትም የለኝ። ወንበሮቻችን እነዚህ ናቸው። ነገ እጠግናቸዋለሁ ስል ተከመሩ፤ ሲከመሩ የምሠራበት ቦታ አጣሁ፤ ቦታ ሳጣ ጭራሽ ተውኳቸው። የዋሸሁት አፍሬ ነው። ይቅር በሉኝ።»

ማንም አልሳቀም። እንግዶቹ ጫማቸውን ያዩ ጀመር፤ አንዱም ሌላውን በዐይኑ አይደፍርም። በመጨረሻ አባ ቀለም ጉሮሮውን ጠርጎ አወጀ። «የእኔዎቹ ከመድረኩ ጀርባ ናቸው። በፊታቸው ሳንቃ መትቼ ግድግዳ አስመስዬ ቀብቻቸዋለሁ።» ከእሱም በኋላ ሌሎቹ እያጉረመረሙ፥ አንዱ በቆርቆሮ ቤት፥ አንዱ በጣሪያው ሥር፥ አንዱ ለጊዜው በገዛ ቤቱ ሳሎን እንዳለው ተናዘዙ። አባ ሽቦም ይህን ሲሰማ አንጀቱ ራሰ፥ ከወንበሮቹም ሥር መውጣት ቻለ።

እቴጌ ብየዳ ካፖርቷን አወለቀች፤ ከሥሩም የብየዳ ዕቃዋን ታጥቃ መጥታ ነበር። «ወሬው ይበቃል። ኤሌክትሪክ ወደ ግቢው ሳቡልኝ» ስትልም፥ ሠራዊቱ እጁ ሲበላው ቆይቶ ነበርና፥ ንግግሩም፥ ማይክሮፎኑም፥ ብስኩቱም ተረስቶ ሁሉም ወደ ግቢው ወንበር ተሸክሞ ወጣ። የስብሰባውም ቁም ነገር ያን ጊዜ ተጀመረ። አንዱ በላላ የብሎን ቀዳዳ ውስጥ የክብሪት እንጨት በኮላ ነክሮ ከተተ፤ አንዱ የብስክሌት ካላማዳሪ፥ የውስጡን ጎማ፥ ቆርጦ የወንበር እግር አጫማ፤ እቴጌ ብየዳም የወለል ውኃ ገብቶ ብረቱን እንዳያዝገው የእያንዳንዱን እግር ጫፍ ደፈነች። ስለ ኮላው ተጣሉ፥ ስለ ካላማዳሪው ታረቁ። አባ ሽቦ እግር ያዥ ተባለ፤ ሲይዝም ዐይኑን ሳይነቅል ያይ ነበር፥ በዘጠኝ ዓመት ሹመቱ ያላየውን አየ፥ ደስም አለው።

ወደ ቀይ መጋረጃው ወንበር በመጡ ጊዜ ግን ክንዱን ዘርግቶ ቆመ፤ ይህን እኔ በእጄ ጠግኜዋለሁ፥ የሌላ እጅ አይነካውም ብሎ ማለ። ትንሽ ኩራት ተርፎት ነበርና ተዉለት።

ሥራው ሲፈጸም ሁሉም ወደ አዳራሹ ተመለሱ፤ ርዕሰ መምህርቷም ወደ መድረክ ወጥተው፥ እጅግ ደስ ብሏቸው አወጁ። «እንግዶቻችን ምስጋና ይግባችሁ። አንተንም ለውሸትህ ይቅር ብዬሃለሁ። ነገር ግን አሁን የተሰበረ ወንበር የለንም። ያልተሰበረ ነገር ወርክሾፕ ምን ያደርግለታል? መጋዘኑ ለፎቶ ኮፒው ይሁን።»

የጀግናው ወሽመጥ ተቆረጠ። መስኮቱም፥ መደርደሪያውም፥ ቀና ብሎ መቆሙም ባንድ ቃል ሲሄዱ አየ። ርዕሰ መምህርቷም አዋጃቸውን ጨርሰው፥ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፥ በክብር ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

ሽቦው መጀመሪያ ጢን አለ። ሁለተኛው ሽቦ ተከተለው። እመቤተ ማኅተምም፥ ክብራቸው ሳይጓደል፥ ቀጥ ብለው እንደተቀመጡ ከነመጋረጃው ወደ መሬት ወረዱ። አዳራሹ በሙሉ ወደ መድረኩ ሮጠ፤ ሮጦም ወንበሩን ገለበጠ። እቴጌ ብየዳ፥ አባ ቀለምና የቀሩት አለቆች ሁሉ አናታቸውን ገጥመው በሽቦው አጠማዘዝ ሲከራከሩ፥ ርዕሰ መምህርቷ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀምጠው ይመለከቷቸው ነበር።

ከዚያው ከተቀመጡበትም የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ። «ሽቦውን ንጠቁት። መጋዘኑን ስጡት፤ ዛሬውኑ ስጡት። እቴጌ ብየዳ ብየዳ ታስተምረው። እኔንም የሚያነሣኝ ካለ አንሡኝ።»

እንዲህም ሆነ። መጋረጃው ከዳር እስከ ዳር ተቀድዶ ነበርና የሚስቱም አዋጅ በቃሉ ተፈጸመ፤ ጀግናው ያን ሌሊት ቀይ ለብሶ በወንበር ላይ አደረ፥ ወገቡም እስከ ዛሬ ይመሰክራል። የተዋሳቸው ወንበሮች ሁሉ በጋሪ ወደየቤታቸው ተመለሱ፤ አባ ቀለምም ግድግዳውን ሊያፈርስ ቀን ቆረጠ።

ምስጋና ለአባ ሽቦ ይሁን፥ ለልበ ሙሉው፥ ለእጀ ሰባራው፤ ሌሎች በጠገኑት ያጣውን እሱ ራሱ በጠገነው ለተቀዳጀ፤ አለቃውን ጥሎ ለተሾመ፤ እህት ሳይኖረው የእህቱን ልጅ በየትምህርት ቤቱ ለዳረ። ዛሬ በአዲሱ ወርክሾፕ መስኮቱን ከፍቶ፥ የብየዳ መነጽር አድርጎ፥ ከእቴጌ ብየዳ የተማረውን ይሠራል፤ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፥ በሩም ሰፊ ነው። እሱ ግን ጧት ጧት ሲገባ እስከ ዛሬ ጎንበስ ይላል፤ ገብቶም ቆም ብሎ፥ እጁን አናቱ ላይ አድርጎ፥ ቀስ እያለ ቀና ይላል።