ቬይዮ ኬምፓይነንና የኪሱ ሰርቨር

በእያንዳንዱ የጋራ ሕንፃ ውስጥ ያልተበላሸ ነገር የሚጠግን አንድ ሰው አይጠፋም። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን በተሻለ ነበር፤ ክፉን በር ዘግተህ ትገላገለዋለህ። ይሄኛው ግን በርህን አንኳኩቶ፣ ጫማውን ደጅ አውልቆ፣ በካልሲው ገብቶ፣ የበር ደወልህ በግማሽ ሰከንድ እንደሚዘገይ በትሕትና ያስረዳሃል። ደወሉ ሠላሳ ዓመት አገልግሏል። እሱ አስተካክሎት ከወጣ በኋላ ግን ጭራሽ አይደውልም።

ለእኛ ሕንፃ የደረሰን ቬይዮ ኬምፓይነን ነበር። ኦውሉ፣ ቱይራ ሰፈር፣ ባለ ሦስት ፎቅ፣ አሥራ ስምንት ቤት። ሊቀ ጠበብት እያልን የምንጠራው ቬይዮ ሠላሳ አራት ዓመት በስልክ ማዞሪያ መካኒክነት ሠርቶ ጡረታ ሲወጣ ባልደረቦቹ የእጅ ሰዓት ሸለሙት። በሳምንቱ ፈታታው። ሚስቱ ቱሊኪ እስከ ዛሬ ከሶፋው ሥር ትንንሽ ጥርሳም መዘውሮች ታገኛለች።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2004 መጸው ላይ ነው። ያኔ የዛሬው ዓይነት ስልክ በሰው ኪስ አልገባም ነበር። ቬይዮ ከአንድ የተዘጋ ድርጅት የዕቃ ሽያጭ ላይ መዳፍ የምታክል ግራጫ ኮምፒውተር ገዛ። በቀጭን የፕላስቲክ ብዕር ነበር የምትነካው፤ ያለ ገመድም ከኢንተርኔት ጋር ትገናኛለች። ጤነኛ ሰው እንዲህ ያለችውን ዕቃ ቀጠሮ ይመዘግብባት ነበር። ቬይዮ ሰርቨር አደረጋት።

ሰርቨር ማለት ድረ ገጽ በሆዱ ይዞ ተቀምጦ፣ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ገጹን አውጥቶ የሚሰጥ ኮምፒውተር ነው። ሌላው ዓለም ሰርቨሩን በቀዝቃዛ ክፍል፣ በብረት መደርደሪያ ላይ ቆልፎ ያኖረዋል። ቬይዮ በሸሚዙ የደረት ኪስ፣ ከመነጽሩ ጎን አኖረው።

በኅዳሩ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«በልብስ ማጠቢያው በር ላይ የተለጠፈው የሳውና ተራ ይነሣ» አለ። «ወረቀት ጊዜው አልፎበታል። ከእንግዲህ ዝርዝሩ እዚህ ነው» ደረቱን መታ መታ አደረገ። «ተራውን ማወቅ የፈለገ ኪሴን ይጠይቅ።»

በእኛ አገር በሳውና ተራ አይቀለድም። ከምድር ቤት ያለችው ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያችን፣ አንዲት ናት፤ እያንዳንዱ ቤት በሳምንት አንድ ሰዓት አለው፤ ያቺን ሰዓት ሰው ከእናቱ እንደወረሳት ርስት ነው የሚጠብቃት። ይህን ጊዜ ከፊት ወንበር የተነሡት ወይዘሮ አኒኪ ዩሊታሎ ነበሩ፤ የሰማንያ ሦስት ዓመት አሮጊት፣ የግማሹን ሰፈር ፊደል ያስቆጠሩ መምህርት።

«ቬይዮ፣ ሸሚዝህ ሲታጠብ ሳውናችን አብሮ ሊታጠብ ነው?»

«ወይዘሮ አኒኪ፣ ሸሚዝ ይቀየራል። ሰርቨሩ ግን አይጠፋም።»

«ወረቀቱም ጠፍቶ አያውቅም!»

ሰው ቡናው እንዳይቀዘቅዝበት ብሎ እጁን አወጣና ሐሳቡ በዘጠኝ ለሰባት አለፈ። ከዘጠኙ አንዱ እኔ ነኝ። ለአካባቢያችን ጋዜጣ በየሳምንቱ አንዳንድ ነገር እጽፍ ስለነበር እንዲህ ያለው ጉድ እንዲያመልጠኝ አልፈለግሁም።

በመጀመሪያው ዓርብ ስድስት ሰው ባንድ ጊዜ ገጹን ከፈተ፤ ኮምፒውተሯም ደነገጠችና ደረቀች። ቬይዮ በካልሲው ደረጃው ላይ ወጥቶ፣ «አንድ በአንድ! ተሰለፉ!» እያለ ጮኸ። እኛም ተሰለፍን። ድረ ገጽ ለማየት ደረጃ ላይ ተራ የጠበቀ ሕዝብ ከእኛ ሌላ የነበረ አይመስለኝም።

ሊቀ ጠበብት በዚህም አላበቃ። ለፍትሕ ሲል የሁሉንም ተራ በየሳምንቱ በአርባ ደቂቃ ማዟዟር ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ከኮምፒውተሯ በቀር ተራውን በቃሉ የሚያውቅ አልነበረም።

ችግሩ ገመድ አልባው መስመር ነው። መስመሩን የሚያሰራጨው ሳጥን የቬይዮ ወጥ ቤት መስኮት ላይ ተቀምጧል፤ ጉልበቱ አርባ እርምጃ ያህል ነው። ቬይዮ ከብስክሌት ማቆሚያው ካለፈ ገጹ ይሞታል። በገጹ አናት ላይ ደግሞ ሳይቋረጥ ያገለገለባቸውን ቀናት ይቆጥር ነበር፤ መቶ ሊያስገባ ምሎ። በታኅሣሥ መጀመሪያ አንድ ብሎ ጀመረ። ሌሊት ቻርጀር ላይ ሰክቶ ከትራሱ ጎን ያስተኛታል፤ ቀን ኪሱ ውስጥ ናት። ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ አምስት ሲደርስ ባትሪዋ እንዳይሞት በብብቱ ሥር ወሽቆ ቆሻሻ ሊጥል ይወጣል፤ አንድ እጁን አጣብቆ ሲሄድ ክንፉ የተመታ ዳክዬ ይመስላል። በረዶ በስቶ ማጥመድ ነፍሱ ነበር። በዚያ ክረምት ግን አንድ ዓሣ አላየም፤ ታጣፊ ወንበሩ እንደተሰቀለ ቀረ።

«ውሻ ያለው ሰው እንኳ ውሻውን ይዞ ጫካ ይሄዳል» ትላለች ቱሊኪ።

በመጋቢት እህቷ ኩሳሞ ከተማ ውስጥ ሰባኛ ልደቷን ልታከብር ሆነ። ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ በቬይዮ አቆጣጠር መቶኛው ቀን።

«እህቴ ሰባ የሚሞላት አንዴ ነው» አለችው።

«ሰርቨሩም መቶ የሚሞላው አንዴ ነው።»

«መስኮት ላይ ትተኸው ና!»

«የጠረጴዛ ሰርቨርማ ማንም አለው። ይሄ የእጅ ነው።»

«እንግዲያው ሾርባህን ኪስህ ያሙቅልህ» ብላ ሐሙስ ዕለት ብቻዋን አውቶቡስ ተሳፈረች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ከአሥራ ስምንቱ ቤት ኮምፒውተር የነበረው ሰባቱ ብቻ ነው። የቀሩት አሥራ አንዱ ኪሱን በምን ይጠይቁት? ቬይዮ ዓርብ ዓርብ ጠዋት ከቤት ቤት እየዞረ፣ እያንኳኳ፣ የኮምፒውተሯን ትንሽ መስኮት ዓይናቸው ሥር ይደግንላቸው ነበር።

«ታዲያ ሰርቨሩ እሷ ናት ወይስ አንተ?» አልኩት አንድ ቀን ደረጃው ላይ።

«እኔ ገመዱ ነኝ።»

«ገመድ አልባ ነው አላልክም?»

«ገመድ ስለሌለው እኮ ነው የምመላለሰው» አለኝ፤ እንዲህ ያለ ግልጽ ነገር ለምን እንደምጠይቅ እየገረመው።

ሁልጊዜ የሚጀምረው ከወይዘሮ አኒኪ ነው። ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን ያንኳኳል። «መነጽሬን ላግኝ!» ብለው ከውስጥ ይጮኻሉ። ከዚያ ኮምፒውተሯን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያስጠጉና ተራቸውን ሳይሆን ፊደሉን ያያሉ። «እዚህ ጋ አንድ ፊደል ገድፈሃል። እዚህ ደግሞ ነጥብ የለም።» ቬይዮ እዚያው በካልሲው ቆሞ በፕላስቲክ ብዕሩ ያርማል። እኔ በዚህ ሁሉ በጋዜጣ ላይ አሾፍኩ። ሁለቱ በስብሰባ ላይ እንደ ድመትና ውሻ ነበሩ፤ ግን ከሁለቱ አንዳቸውም አንድ ዓርብ አላስታጎሉም። ይህን ያኔ ልብ ያልኩት አይመስለኝም።

ዛሬ የሳውና ተራችን የት እንዳለ በማናውቀው ትልቅ ቤት ውስጥ ባለ ማሽን ላይ ነው። ጠፍቶ አያውቅም፤ ፊደልም አይገድፍም። አንኳኩቶም አያውቅም።

በዘጠና ዘጠነኛው ቀን፣ ዓርብ ጠዋት፣ ጋዜጣዬን ላመጣ ስወርድ ቬይዮ ወይዘሮ አኒኪ በር ላይ ቆሟል። አንኳኳ። መልስ የለም። እንደገና አንኳኳ። ተንበረከከና በሩ ላይ ያለችውን የፖስታ ቀዳዳ በጣቱ ገፋ አደረጋት።

«ወይዘሮ አኒኪ?»

ከሩቅ፣ ከወለል አካባቢ፣ ቀጭን ድምፅ መጣ። «ዘገየህ።»

«አራት ሰዓት ከሦስት ደቂቃ ነው!»

«ሦስት ደቂቃ ዘግይተሃል።»

እኔ ወደ ስልክ ሮጥኩ፤ የሕንፃው ጠባቂ ቁልፍ ይዞ ደረሰ። ወይዘሮ አኒኪ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተኝተዋል። ሊነጋጋ ሲል ውኃ ሊጠጡ ተነሥተው እንደወደቁ ነው፤ እግራቸው አልታዘዝ ብሎ ስልኩ ጋ መድረስ አልቻሉም። ቬይዮ ሹራቡን አውልቆ አለበሳቸው፤ ጎናቸው ወለሉ ላይ ተቀምጦ በረዶ የሆነ እጃቸውን በሁለት እጁ ያሽ ጀመር።

«ሌላ ቀን ብወድቅ ኖሮ በሰንበት ነበር የሚያገኙኝ» አሉት በቀስታ። «ዓርብ መሆኑን ሳውቅ ግን አራት ሰዓትን ጠበቅሁ።»

ቬይዮ አፍንጫውን ደጋግሞ ሳበ።

የአምቡላንስ ሰዎች፣ «ቤተሰብ አለ?» ብለው ጠየቁ። ስዊድን ካለ አንድ የእህት ልጅ በቀር ማንም የለም። «አብሯቸው የሚሄድስ?» ቬይዮ ጫማውን ክሩን ሳያስር አጥልቆ፣ የእኔን ካፖርት ከላዬ ገፎ፣ ከኋላ ተሳፈረ። መኪናው የብስክሌት ማቆሚያውን ሲያልፍ በመስኮት አየሁት፤ እጃቸውን እንደያዘ ነበር። ሰርቨሩ ኪሱ ውስጥ መሆኑን ጨርሶ የረሳው ይመስለኛል።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ተራው የማን እንደሆነ የሚያውቅ ስላልነበረ፣ ሕንፃው በሙሉ ፎጣውን በትከሻው ጥሎ የሳውናው በር ላይ ተሰበሰበ። ኮምፒውተር ያላቸው ባዶ ገጽ አይተዋል፤ የሌላቸውን ማንም አላንኳኳላቸውም። የሆነውን ነገርኳቸው። አንዳንዶቹ ሠላሳ ዓመት በአንድ ደረጃ ተላልፈዋል፤ አብረው ግን ተቀምጠው አያውቁም።

«ሴቶች ይቅደሙ፤ ቀጥሎ ወንዶች» አለ የነዋሪዎች ሊቀ መንበር ራውኖ፤ ሐሳቡም ያለ ድምፅ ቆጠራ አለፈ።

ወንዶቹ ገብተን ዘጠኝ ሆነን በእንጨቱ ደረጃ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ሳለ በሩ ተከፈተና ቬይዮ ገባ። በአውቶቡስ ነው የመጣው። ከላይ ያሉት ጠጋ ጠጋ ብለው በምድጃው በኩል ጥግ ለቀቁለት። ወጥቶ ተቀመጠ።

«የዳሌ አጥንት ነው» አለ። «ነገ ይሠሩላቸዋል። ደኅና ናቸው፤ ሐኪሙ ወረቀት ሲጽፍ ሁለት ቦታ አርመውታል።»

ሣቅን። ደግሞም ደኅና ሆኑ፤ ለሰኔው የበጋ በዓል ቤታቸው ገብተዋል። ያኔ ግን ይህን አላወቅንም ነበርና ሣቃችን ቶሎ አለቀ።

«ለቱሊኪ ደወልኩ» አለ ደግሞ። «በጠዋቱ አውቶቡስ ኩሳሞ እሄዳለሁ።»

በምድጃው ላይ የጋሉት ድንጋዮች ሲንጣጡ ይሰማል። ቬይዮ ጉልበቶቹን እያየ፣ ለማንም እንደማይናገር ሰው፣ «ለስንት ሰዓት ጠፋ ገጹ?» አለ።

ማንም አልቆጠረም ነበር። እኔ በሕይወቴ በሳውና ውስጥ ዋሽቼ አላውቅም፤ የእኛ ሰው እዚያ አይዋሽም።

«አልጠፋም» አልኩት። «አሥር ሰዓት ላይ ከፍቼው ነበር። ይሠራል።»

ቀና ብሎ አየኝ። ሠላሳ አራት ዓመት በስልክ መስመር ውስጥ የኖረ ሰው ነው። ሆስፒታሉ ሳጥኑ ከተቀመጠበት መስኮት አራት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ ያውቃል።

«እኔም አይቼዋለሁ» አለ ከበታቹ ራውኖ። «ደኅና ነበር።»

ራውኖ ኮምፒውተር ኖሮት አያውቅም።

«እኛም ቤት ተከፍቷል» አለ ሌላው። «እኛም» አለ ከበሩ በኩል ያለው።

ቬይዮ ጭልፋውን አንሥቶ ከባልዲው ውኃ ሞላና ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ፣ አከታትሎ ድንጋዩ ላይ ደፋው። እንፋሎቱ ጣሪያ ነክቶ ወረደብን፤ ማን ማንን እንደሚያይ እስኪጠፋ ድረስ።