ያልጎደለ አልተቀነሰም

አቶ ተማም ጅብሪል እንድሪስ እሑድ ግንቦት 18 ቀን 1977 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ በጅዳ ኑዝላ ሰፈር፣ ሐበሾች ለልጆቻቸው በተከራዩት መማሪያ ክፍል በር ላይ ለመግቢያ ፈተና ሰባት ሕፃናት አሰልፈው ቆሙ።

እንደ እርሳቸው ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። እንዲህ ያለው ሰው ሲጠይቁት መልሶ ይጠይቃል፤ መንገደኛውን ሁሉ ተማሪው ያደርጋል። አቶ ተማም ሰዓት ሲጠየቁ፣ «ለዙህር አንድ ሰዓት ነበረው፤ ሩቡ አለፈ። ስንት ቀረ?» ይላሉ። ጠያቂው ሰላቱ ሳያልፈው ሌላ ሰው ፍለጋ ይሮጣል።

በአዘቦት ቀን በነዳጅ ድርጅቱ በፔትሮሚን የመጋዘን ዘበኛ፣ ዓርብ ዓርብ ግን የመቀነስ መምህር ነበሩ። ከአገር ቤት የመጣው መጽሐፍ፣ «ከማኅበሩ ዘጠኝ በሬዎች አራቱ ቢሸጡ» ይላል፤ የኑዝላ ልጆች ደግሞ በሬ አይተው አያውቁም። ስለዚህ ክቡርነታቸው መጽሐፉን ዘግተው ተምር ይደረድራሉ፤ ጥቂቱን ይበላሉ፤ «ያልጎደለ አልተቀነሰም» ብለው የቀረውን ያስቆጥራሉ። ልጆቹ መቀነስን ሲማሩ የመምህሩ ሆድ መደመርን ተማረ።

«አንቱ፣ ከአሥር ላይ አንድ ብቻ ቢቀንሱ ትምህርት አይሆንም?» ይሏቸው ነበር ባለቤታቸው ሰዓዲያ።

አንድ ጊዜ ልጆቹን ለዑምራ መካ ወስደው፣ ካዕባን እየዞሩ በየዙሩ «ከሰባት ስንት ቀረን?» ሲሉ ቁጥሩ ከራሳቸው ጠፋ። ስምንተኛውን ሊጀምሩ ሲሉ ትንሿ ሰልማ እጃቸውን ያዘች። «ጋሼ፣ ኸላስ። ከሰባት ላይ ስምንት አይነሣም።»

በፈተናው ቀን ያስጨነቀቻቸው ይህችው ሰልማ ነበረች። አምና ወድቃለች፤ ዘንድሮም ብትወድቅ ከእናቷ ጋር ማዳም ቤት ሥራ እንድትውል አባቷ ቆርጧል። ፈታኟ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ደግሞ፣ «በምግብ የተማረ ሲጠግብ ይረሳል» ባይ ናቸው። አቶ ተማምን ከበሩ ሳያልፉ፣ ቃል ሳይተነፍሱ እንዲጠብቁ አዘዟቸው።

«ዘጠኝ ተምር አለሽ። አራቱን አሁን በላሽ። ስንት ቀረሽ?»

«ዘጠኝ።»

ጥያቄው ተደገመ፤ መልሱም ተደገመ። ቀዩ እስክሪብቶ ወደ ወረቀቱ ወረደ። አቶ ተማም የራስ ጥምጥማቸውን ጫፍ ነከሱ።

«አራቱን በልተሻል እኮ፣ ልጄ።»

«ኧረ እትዬ፣ ረመዳን እኮ ነው። እኔ ፆመኛ ነኝ። ያልጎደለ አልተቀነሰም።»

እስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ያመለጣቸውን ሳቅ ሳል አስመስለው በመሐረብ ሸፈኑ። ፈተና ለማለፍ ስትል እንኳ «በላሁ» ያላለች ልጅ፣ ከመቀነስ የሚበልጥ ነገር እንደ ተማረች አልጠፋቸውም።

«መግሪብ ሲሆን፣ ስታፈጥሪስ?»

«አምስት ይቀረኛል። ሁለቱን ለእናቴ ስሰጥ ሦስት።»

ፈተናው ሲያበቃ አቶ ተማም፣ «ስንቱ አለፉ?» አሉ።

«ሰባት ልጅ አመጡ፤ አንድም አልወደቀም» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ፊታቸውን ሳይፈቱ። «ስንት ቀረ?»

አገሩን ሁሉ ሲያስቆጥሩ የኖሩት ሰው ልጆቹን በጣታቸው፣ አንድ በአንድ፣ ሁለት ጊዜ ቆጠሩ።

አቶ ተማም ጅብሪል በዚያ ዓመት ሰባት ሕፃናትን መቀነስ አስተማሩ፤ ሰባቱም አንደኛ ክፍል ገቡ።