ግድግዳውን የሞሉት ጋሽ እንድሪስ

አላህ ከታዛዥ ይጠብቃችሁ። እምቢተኛስ ቢያንስ ያስጠነቅቃል፤ ታዛዥ ግን ያላችሁትን እንጂ የፈለጋችሁትን አይሰማም። ከታዛዦች ሁሉ የከፋው ደግሞ ኮምፒውተር ነው። ይህን የምላችሁ ተስፋዬ ተሟጦ ነው።

እዚህ ቆቦ ለአንድ የመስኖ ማኅበር የገበሬዎቹን የውኃ ተራ በድረ ገጽ ላይ በሠንጠረዥ የማሳየት ታላቅ ኃላፊነት ተጣለብኝ። ሥራው ቀላል ነው። ስሞቹን ከመረጃ ቋቱ ትጠይቃላችሁ፣ የመጣውን መልስ በየረድፉ ትደረድራላችሁ። ታዲያ ኮምፒውተሩ አንዱን ስም በጻፈ ቁጥር «አሁን ቀጣዩን አምጣ» ካላላችሁት ያንኑ የመጀመሪያውን ሲደጋግም ይውላል። እኔ ሆዬ ረሳሁት! እንዴት አልረሳ? ሐሳቤ ሁሉ ሰዓዳ ጋ ነበራ። ለእሷ ሽማግሌ ልኬ፣ አባቷ ጋሽ እንድሪስ ዘመድ አማክሬ እመልሳለሁ ብለው ነበር። እምቢ ቢሉኝ ምን እንደምሆን ማሰቡ ራሱ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።

በስብሰባው ቀን ገጹ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ በራ። በዕጣ አንደኛ የወጡት ጋሽ እንድሪስ ነበሩ። ሁለተኛም እንድሪስ፣ ሦስተኛም እንድሪስ፣ እስከ ታች እንድሪስ። የሚቀየረው ተራ ቁጥሩ ብቻ ነው። ከሮቢት የመጡ ሰውዬ «ሽንኩርቴ ማሳው ላይ እየጠወለገ!» ብለው ጮኹ። አንዲት እናት ደግሞ ኮምፒውተሩ ጋሽ እንድሪስን የሚዛመዳቸው በእናት ነው በአባት ሲሉ ጠየቁ። ይኼኔ ከኋላ አንዱ «ኧረ ባለ ኮምፒውተሩ ልጃቸውን ጠይቋል!» አለ። አዳራሹ ተናወጠ። ጋሽ እንድሪስ ፎጣቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ። እኔም መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እንደምንም የጎደለችውን ትእዛዝ ጨመርኩና ሁሉም የየራሱን ረድፍ አገኘ። ከዚያ ተነሥቼ በሕዝቡ ፊት ማልኩ። ወላሂ አድልዎ የለም፣ የማሽን ስህተት ነው፣ ያን ስሠራ ጋሽ እንድሪስ ትዝም አላሉኝም አልኩ። ሰዉ ስቆ ይቅር አለኝ። በእርጋታዬ እንዴት ኮራሁ መሰላችሁ!

ሽማግሌዎቹ መልስ ሊቀበሉ ሄደው አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። ጋሽ እንድሪስ ያን ቀን አፍረው ቤት ቢገቡም፣ ለባለቤታቸው «ልጁ ቢያበዛውም ወዶን ነው» ብለው ሰዓዳን ሊሰጡኝ ቆርጠው ነበር አሉ። ኋላ ግን መሐላዬን ሰሙ።

ትዝ ለማንለው ሰው ልጅ የለንም ብለዋል።