ያንን ጠጠር አቀብለኝ

ዝም የሚል ሰው ሁሉ ታጋሽ ይመስላል። እኔ ቤት ስገባ ሬዲዮው እንኳ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል ይላሉ ልጆቼ። ይህን የሚሉት እኔ በሌለሁበት ነው። ታዲያ እንዴት ሰማሁ? ዝም የሚል ሰው ብዙ ይሰማል። ትዕግሥት ግን ሌላ ነገር ነው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ትዕግሥት የሚማሩበት ትምህርት ቤት የቱ ነው ብትሉኝ ግን ከጉደር አምቦ የሚያመጣው አስፋልት ነው እላለሁ። አስተማሪዎቹ ባለሞተሮቹ ናቸው።

የዛሬ ልጅ ሞተር ላይ ሲወጣ ነፍሱን ቤት አስቀምጦ ነው። ሄልሜት የለውም እንዳትሉ፤ አለው፤ ክርኑ ላይ አንጠልጥሎታል። ከራሱ ይልቅ ለክርኑ የሚሳሳው ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ሰው ዋናው ነገሩ የት እንዳለ የሚያውቀው ራሱ ነው። ፍሬቻ አያበራም፤ ክላክስ ግን አይሰስትም። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል እንዳንለው ለመስማት አይቆምም።

ልጄን ልድር ተነሣሁ። ባለቤቴ ጠላውን በፕላስቲክ በርሜል አልጠምቅም አለች። የበርሜል ጠላ በርሜል በርሜል ይላል፤ የሙሽራ እናት ደግሞ በዚህ መታማት የለባትም። የእኛ ጋን ተሰንጥቆ የዶሮ ቤት ከሆነ ቆይቷል። የቀረው ጉደር ያለችው የእኅቷ የጫልቱ ጋን ነው። ጫልቱ ከእናታቸው የወረሰችውን ጋን እንደ ልጅ መርቃ ነው የምትሸኘው። ለእኔ ስትሰጠኝ ግን ምርቃቱ አጠረ፦ ከሰበርኸው ሠርጉ ላይ አትጠብቁኝ አለችኝ። ሙሽራዋ ጉደር ስትማር ያደገችው እሷ ቤት ነው። ያሳደገች አክስት ከሠርግ ስትቀር አገር ምን እንደሚል ታውቃላችሁ። ስለዚህ ጋሪ ላይ የጫንሁት ጋን ብቻ አልነበረም።

ጋን ሆዱ ሰፊ፣ መቀመጫው ሹል ነው፤ ብቻውን አይቆምም። ጋን በጠጠር ይደገፋል የተባለው ለተረት ብቻ አይደለም። ባለጋሪው ገመዳ ገለባ ጎዝጉዞ ከጋኑ ሥር ጡጫ የሚያህል ጠጠር ወሸቀ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ በሁለት እጄ አቀፍሁት። ባለቤቴን እንኳ በአደባባይ እንዲያ አቅፌ አላውቅም።

ከጉደር ትንሽ እንደራቅን አንድ ባለሞተር ከኋላ መጥቶ ክላክሱን ነፋ። ገመዳ ዳር ያዘለት። ልጁ ግን አላለፈም፤ ጎናችን ሆኖ፣ ፋዘር፣ ሙሽራዋን ጠበቅ አድርገህ ያዛት አለኝ። ዝም አልሁ። አለፈና ተመልሶ መጣ፤ ሚዜ የለህም እንዴ አለኝ። አሁንም ዝም አልሁ። የምነግረው ነገር አጥቼ አይደለም። ነገሩ እጅ የሚፈልግ ነበር፤ ሁለቱም እጆቼ ደግሞ ሥራ ይዘዋል። ገመዳ ከፊት ሆኖ፣ ኦብሲ፣ ኦብሲ፣ ታገሥ ይላል። ለእኔ ይሁን ለፈረሱ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።

አምቦ መግቢያ፣ ሰው የሚበዛበት ጋ ስንደርስ ልጁ በቀኝ በኩል ሊሾልክ ሲል ስፖኪዮው ከጋሪው ጋር ተላተመ። ከፊታችን ሞተሩን አግድም አቆመው። ፈረሱ በረገገ፤ ገመዳ ልጓሙን ሊይዝ ዘለለ፤ ጋሪው ተናወጠና ጠጠሩ ከጋኑ ሥር አምልጦ አስፋልቱ ላይ ወደቀ። ልጁ ስፖኪዮዬን ሰበራችሁ እያለ እኔ ወዳለሁበት መጥቶ ቆመ። ስፖኪዮው ዘወር አለ እንጂ አልተሰበረም። ሰው ከበበን። የጠብ ተመልካች የትም አይጠፋም።

ጋኑ ወደ እኔ ይጋደል ጀመር። ልጁ ይጮኻል፦ ፋዘር፣ አፍ የለህም? ውረድና እንነጋገር። እኔ ትከሻዬን ለጋኑ ሰጥቼ ጥርሴን ነክሻለሁ። ፊቴ ቀልቷል፤ የአንገቴ ሥር ተገታትሯል፤ ላብ ያንጠፈጥፈኛል። ይህ ሁሉ ከጋኑ ክብደት ነው፤ ቆሞ ለሚያይ ሰው ግን ምን እንደሚመስል እናንተው ገምቱ። ልጄ ያለ አክስቷ ስትሸኝ ታየችኝ። ጠጠሩ ደግሞ እዚያው፣ ልጁ እግር ሥር ተቀምጧል። ጋሪው ላይ ከወጣሁ ወዲህ የመጀመሪያዬን ቃል ተናገርሁ። ቀስ ብዬ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ “ያንን ጠጠር አቀብለኝ” አልሁት።

የከበበን ሰው ወደ ኋላ አፈገፈገ። ልጁ ጠጠሩን አየ፤ እኔን አየ። አንዲት ድንች ሻጭ፣ ተው ልጄ፣ እንዳትሰጠው አለች። አንድ ሽማግሌ በገላጋይ፣ በገላጋይ አሉ። ድንጋይ አንስቶ የሚወረውር ሰው አገሩ አይቷል፤ የሚፈነክተውን ሰው ራሱን ድንጋዩን አቀብለኝ የሚል ግን ያን ዕለት ነው የተገኘው። ልጁ ሄልሜቱን ከክርኑ አውልቆ ራሱ ላይ ደፋ። ሞተሩን አስነሥቶ ሲፈተለክ ፍሬቻ አበራ።

ጠጠሩን ገመዳ እየሳቀ መለሰው። ጋኑ ደኅና ገባ፤ ጠላውም ደረሰ፤ ጫልቱም መጣች። መጥታ ዝም አላለችም። አደራ ብዬው ለጋኔ ሰው ሊገድልልኝ ነበር እያለች ከድንኳን ድንኳን በኩራት አወራች። ለጋኑ ድጋፍ ፈልጌ ነው ብል ማን ያምነኛል? ሠርገኞቹም፣ ይኸው፣ ዝምተኛን መፍራት ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። በሕይወቴ በደንብ የታገሥሁት አንድ ቀን ነው፤ ቁጡ የተባልሁትም በዚያው ቀን ነው።

ባለፈው ገበያ በዚያው አስፋልት ዳር ስሄድ የጫማዬ ክር ተፈታ። ላስር ጎንበስ ብል ከኋላዬ ሲመጡ የነበሩ ሁለት ሞተሮች ቀጥ ብለው ቆሙ። ክሩን አስሬ ቀና ስል ሁለቱም ሄልሜታቸውን አጥልቀዋል።